ጎንበስ ሲሉ የሚሸሸውን የመንገድ ውሻ ማላመድ

አዲስ አበባ መንገድ ላይ ላደገ ውሻ፣ ጎንበስ ያለ ሰው ማለት ድንጋይ ሊያነሳ ያለ ሰው ማለት ነው። ሰውየው የጫማውን ክር ሊያስር ቢሆንም ውሻው ጅራቱን እግሩ መሃል ወሽቆ ይፈተለካል። እንዲህ ያለውን ውሻ ለጥቂት ወራት አሳድረው ለቋሚ ባለቤት ሊያዘጋጁት ሲነሱ ችግሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ሳህን ነው። እርስዎ ምግብ ለማስቀመጥ ጎንበስ ይላሉ፤ እሱ ድንጋዩን ይጠብቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እያበላሁት ለምን ይፈራኛል?» ብሎ ይከፋል። ውሻው ለምግቡ ውለታ አልቆጠረም ማለት አይደለም። እጅዎና ወገብዎ የሚሠሩትን ከእርስዎ በፊት ከብዙ ሰው ተምሮታል፤ ያንን ትምህርት መቀየር ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

መመሪያው ግቢ ላለው ቤት፣ ከ12 እስከ 20 ኪሎ ለሚመዝንና ሲፈራ ለሚሸሽ አዋቂ ውሻ የሚሆን ነው። ሰው የነከሰ ወይም ሲያዩት ከመሸሽ ይልቅ እየሮጠ የሚመጣ ውሻ ለጀማሪ አይሆንም።

ከመቀበልዎ በፊት

ቢያንስ 3 ወር ይመድቡ። በቀን የሚፈልገው ጊዜ ብዙ አይደለም፤ 3 ደቂቃ የሚፈጅ ልምምድ በቀን 3 ጊዜ፣ በተጨማሪም ምግብና ጽዳት። የሚከብደው ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው።

ግቢው ውስጥ የሚኖረውን ሰው ሁሉ አስቀድመው ያነጋግሩ፦ አከራይ፣ ተከራይ፣ ሠራተኛ፣ ዘበኛ። ከሁሉም በላይ ዘበኛውን። እርስዎ ሳምንት ሙሉ የሠሩትን አንድ ቀን በዱላ የተሰነዘረ ማስፈራሪያ ያፈርሰዋል። ቤት ውስጥ ውሻ እንዲገባ የማይፈልግ ቤተሰብ ካለ መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ያለ ጥግ ለዚህ ሥራ ከሳሎን ይሻላል። ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ የግቢ ሰው ካለ ውሻው የማይደርስበትን የውሃ ቦታና መተላለፊያ ከመጀመሪያው ቀን ይለዩለት፤ ኋላ ላይ ከሚነሳ ቅሬታ ያድናል። ገና የሚዳዳ ወይም የሚሮጥ ሕፃን ባለበት ግቢ ግን ፈሪ ውሻ አይቀበሉ።

የእብድ ውሻ በሽታ ነገር ቀልድ አይደለም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለሰውም ለውሻም መዳኛ የለውም ለማለት ይቻላል። ለዚህ ሥራ ደግሞ አንድ የተለየ ወጥመድ አለበት፦ በሽታው ሲጀምር አንዳንዱ ውሻ ይደበቃል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ ሰው ይፈራል። ማለትም ገና ያመጡትን ፈሪ ውሻ ይመስላል። ልዩነቱ በሂደቱ ይታያል። ፈሪው ውሻ ሰው ሲርቅ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በየቀኑም ጥቂት ይሻለዋል። የታመመው በየቀኑ ይብስበታል፤ ድምፁ ይጎረንናል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፣ የኋላ እግሩ ይከዳዋል። ከነዚህ አንዱን ካዩ አይቅረቡት፤ በሩን ዘግተው ሐኪም ይጥሩ።

ሰዎች የሚሳሳቱት በ10 ቀኑ ነው። የነከሰ ውሻ 10 ቀን ይጠበቃል ሲባል፣ በነዚያ ቀናት ካልታመመ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ብቻ ነው። ውሻው ከበሽታው ነፃ ነው ማለት አይደለም። ከ2 ወር በፊት በሌላ ውሻ ተነክሶ ከሆነ በሽታው ገና እየተጓዘ ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ከንክሻ እስከ ሕመም ከ3 ሳምንት እስከ 3 ወር፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ውሻውን እንደመጣ ማስከተብ ተገቢ ነው፤ ክትባቱ ግን ቀድሞ የገባን በሽታ አያወጣም። ስለዚህ ውሻውን በእጃቸው የሚነኩ ሰዎች የቅድመ መከላከያ ክትባት ስለማግኘት ሐኪም ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

ከነከሰዎ ወይም ጥርሱ ቆዳዎን ከጫረ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ሰዓት እያዩ እንጂ በግምት አይደለም። ከዚያ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ክትባቱ እዚያ ከሌለ የት እንዳለ ይጠይቁና ሳያሳድሩ ይድረሱ። ጸበሉም የባህል መድኃኒቱም ከክትባቱ ጎን ለጎን ይሁን፤ ክትባቱን የሚያዘገይ ከሆነ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ጥጉን ማዘጋጀት

ውሻው እርስዎን ሳያይ ሊተኛበት፣ ሲፈልግ ደግሞ ተደብቆ ሊያይዎት የሚችልበት ቦታ ያስፈልገዋል። ከጣውላ የሚሠራ ሳጥን ይበቃል፦ ርዝመት 90፣ ወርድ 60፣ ከፍታ 65 ሴንቲ ሜትር። መግቢያውን ወርዱን 30፣ ቁመቱን 45 አድርገው በአንድ ጎን ያስጠጉት እንጂ መሃል ላይ አይክፈቱ፤ መግቢያው ዳር ሲሆን ውሻው ከግድግዳው ጀርባ ገብቶ ከዓይንም ከንፋስም ይሸሸጋል። ክረምት ጎርፍ እንዳይገባ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያንሱት።

ጣሪያው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባዶ ቆርቆሮ ያለብሱታል። የሐምሌ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሳጥን ውስጥ ያለ ውሻ ምን እንደሚሰማ ለማወቅ ጭንቅላትዎን አስገብተው ሰው ጣሪያውን በጠጠር እንዲመታ ያድርጉ። አንዴ በረዶ ሳጥኑ ውስጥ ያገኘው ፈሪ ውሻ ተመልሶ አይገባበትም። ቆርቆሮ ከሆነ ከላዩ ድርብ ጆንያ ወይም ያረጀ ምንጣፍ፣ ከዚያ ላስቲክ ይደርቡበት።

ለመኝታ የጤፍ ጭድ ይሞቃል፤ ግን ብናኙ ዓይንና አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቀው ይስፉትና በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ በየ3 ሳምንቱ ጭዱን ይቀይሩ።

ቀጥሎ አጥሩ። የመንገድ ውሻ በመጀመሪያው ሳምንት ማምለጫ ሲፈልግ ያድራል። ከብረት በሩ ሥር 15 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ካለ ይሾልካል፤ በብሎኬት ወይም በተቸነከረ ጣውላ ይድፈኑት። ሸካራ የድንጋይ አጥር 2 ሜትር እንኳ ቢሆን የእግር መርገጫ ስላለው መሰላል ይሆንለታል። ከአጥሩ ሥር የተከመረ ማገዶ፣ በርሜል፣ የሮቶ ታንከር ማስቀመጫ ካለ ያርቁ። የሚቻል ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ጥጉን ብቻ በሽቦ አጥር ከልለው በር ያብጁለት፤ የግቢው በር ሲከፈት የሱ በር ይዘጋል። ሁለቱ በር በአንድ ጊዜ አይከፈትም፤ ይህን ለመኪና አስገቢውም ለእንግዳም ይንገሩ።

ማምጣት

በገመድ አንገቱን አንቆ መጎተት ፈጣን ይመስላል፤ ኋላ ላይ ግን ማሰሪያ ለማስለመድ አንድ ወር ይጨምርብዎታል። የሚሻለው የብረት ወይም የጣውላ ጎጆ ውሻው በለመደበት ቦታ አስቀምጦ 3 ወይም 4 ቀን ውስጡ ማብላት ነው። መጀመሪያ ምግቡ መግቢያው ላይ ይሁን፣ በኋላ ወደ ውስጥ ይግባ። በመጨረሻው ቀን በሩ ከኋላው ሲዘጋ ወዲያውኑ በጨርቅ ይሸፍኑት፤ ጨለማ ሲሆን መወራጨቱን ያቆማል። ከጉዞ በፊት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባይበላ ጥሩ ነው፤ ያስመልሰዋል። ክፍት የጭነት መኪና ላይ አይጫኑት።

ግቢ ደርሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ የጎጆውን በር ወደ ሳጥኑ አዙረው ይክፈቱና ይሂዱ። አያውጡት። ሌሊቱን ሙሉ ጎጆው ውስጥ ቢያድርም ይደር።

የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት

ከክትባቱ በቀር ምንም አይሥሩ። የሰው እጅ ግን ሥራ ይፈልጋል፤ ቁንጫ አለበት፣ ይሸታል፣ መጀመሪያ ይታጠብ ይባላል። አይታጠብም። ቆሻሻ ውሻ አይሞትም፤ በመጀመሪያው ቀን ተይዞ የታጠበ ውሻ ግን የእርስዎን እጅ ከድንጋዩ ጋር ይመድበዋል። ቁስል፣ ማንከስ፣ ደም ያለበት ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ ሐኪም ይምጣ። ጆሮውና ክርኑ ላይ የተመለጠ ቆዳ ካዩ እከክ ሊሆን ስለሚችልና አንዳንዱ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ አልጋውን ሲቀይሩ ጓንት ያድርጉ።

በቀን 2 ጊዜ፣ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት፣ አንድ ሰው ብቻ በአንድ መንገድ ገብቶ ምግብና ውሃ አስቀምጦ ይውጣ። ሳህኑን መሬት ላይ አያስቀምጡ፤ ጉልበት ከፍታ ባለው ድንጋይ፣ ግንድ ወይም በርጩማ ላይ ካስቀመጡ እርስዎ ጎንበስ አይሉም፣ እሱም ቆሞ ይደርስበታል። ወገብዎን ሳያጥፉ ጉልበትዎን ብቻ ሸብረክ አድርገው ያኑሩት። ሲገቡ በለሆሳስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ይበሉ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ብቻውን ፍርሃት ይቀንሳል። ዓይኑን አይዩት።

እስከ 2 ቀን አለመብላት የተለመደ ነው። ውሃ 24 ሰዓት ሙሉ ካልቀመሰ ግን ሐኪም ይደውሉ። 15 ኪሎ የሚሆን ውሻ በቀን ከ750 ሚሊ ሊትር እስከ 1 ሊትር ይጠጣል፤ ሳህኑ ላይ በምስማር ምልክት ቢያደርጉ ሌሊት የጠጣውን ያውቃሉ።

ምን ይብላ

የቤት ትርፍራፊ ወጥ ለውሻ አይሆንም። በርበሬውና ጨው ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም ቢደርቁም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰባብራሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። «ስንቱ ውሻ በትርፍራፊ አድጎ የለም ወይ?» ይባላል። አድጓል፤ ደሙ ያነሰውን ግን ማን መርምሮት።

ለ15 ኪሎ ውሻ የአንድ ቀን ምግብ፦ 150 ግራም ሩዝ (ሳይቀቀል ሲመዘን)፣ ከ200 እስከ 250 ግራም የተቀቀለ ሳንባ ወይም ርካሽ ሥጋ፣ አንድ ካሮት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ ያለ ጨው። ለሁለት ጊዜ ይከፈላል። ጉበት ጥሩ ነው፣ ግን በቀን ከ50 ግራም አይለፍ። የበሰለ አጥንት ስለሚሰነጠቅ አይሰጥም። ይህ ምግብ ካልሲየም ያንሰዋል፤ ከ3 ሳምንት በላይ ሲሆን ደረቅ የውሻ ምግብ ያደባልቁበት ወይም ሐኪም የሚያዘውን ይጨምሩ። አጥንቱ የሚቆጠር ከሲታ ከሆነ ሙሉውን ድርሻ በአንዴ አይስጡት፤ በመጀመሪያው ቀን ሩቡን በ4 ጊዜ ከፍለው ይጀምሩና በ5 ቀን ውስጥ ወደ ሙሉው ያድርሱት። የተራበ ሰውነት ድንገት ሲጠግብ በደሙ ውስጥ ያለው ማዕድን ይዛባል፤ ልብ እስከማቆም ይደርሳል።

ከልኳንዳ የመጣ ሳንባና ጉበት ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀቀል። በበግና በከብት ሳንባ ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው፤ ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉም በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይገባል። ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በሐኪም ልክ ይሰጠው።

ዐቢይ ጾም ላይ ከጀመሩ ሰፈር ውስጥ ያለው ልኳንዳ ሊዘጋ ይችላል። አስቀድመው ገዝተው፣ ቀቅለው፣ የሳምንቱን በየከረጢቱ በረዶ ቤት ያስቀምጡ። እንቁላልም ይሆናል። ለውሻው ድስትና ማንኪያ ለብቻ ቢሆን ከጾመኛ ጋር መነካካቱ ይቀራል።

ለልምምድ የሚሆነው ጉርሻ ሌላ ነው፦ የተቀቀለ ጉበት የአተር ፍሬ በሚያህል ተከትፎ በመጥበሻ ላይ ያለ ዘይት ደረቅ ያለ። እጅ አያጨማልቅም፣ ይሸታል፣ ለ4 ቀን በማቀዝቀዣ ይቆያል።

መልኩን ማንበብ

ከልምምዱ በፊት ይህን ይወቁ። ውሻ ሳይርበው ከንፈሩን ሲልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ሲያዛጋ፣ ሳይሞቀው ሲያለከልክ፣ ፊቱን ዞር አድርጎ የዓይኑን ነጭ ሲያሳይ «ቀረባችሁኝ» እያለ ነው። በጣም የሚያሳስተው ግን ድርቅ ብሎ መቆሙ ነው። ጥጉ ውስጥ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ሲነኩት የማይንቀሳቀስ ውሻ «ለመደ፣ ዝም አለ» ይባላል። አልለመደም፤ የሚሸሽበት ስላጣ ሰውነቱን ጥሏል። ከዚህ ሁኔታ ነው «ሳይጮህ ሳያጉረመርም ድንገት ነከሰኝ» የሚባለው የሚመጣው።

ጉርሻ አይነካም ማለት ርቀቱ አጥሯል ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አያገኙም፤ ከ5 ሜትር የሚበላ ውሻ 4 ሜትር ላይ ካቆመ ወደ 6 ይመለሱ።

ወገብና እጅ

ከ4ኛው ቀን ጀምሮ፦

1. ከሳጥኑ 5 ሜትር ርቀው በርጩማ ላይ በጎን ይቀመጡ። ጉርሻውን አይወርውሩ፤ ክንድ አንስቶ መወርወር ያው የድንጋይ እንቅስቃሴ ነው። ልጆች ብይ እንደሚጫወቱት መሬት ለመሬት በጣት ያንከባሉት። 10 ፍሬ፣ ከዚያ ተነስተው ይሂዱ። ሲነሱ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ዞረው ይነሱ።

2. ከሳጥኑ ወጥቶ መብላት ሲጀምር አንዱን ጉርሻ በእርስዎና በእሱ መካከል፣ ቀጣዩን ከእሱ ኋላ ያንከባሉ። ይቀርባል፣ ይበላል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ፍለጋ ይርቃል። ብዙ ሰው ይህን ወደኋላ የሚልክ ጉርሻ ይተውና በእጁ ይዞ «ና፣ ና» ይላል። ያኔ ውሻው አንገቱን አስረዝሞ የኋላ እግሩን እንደተከለ ይመጣል፤ ሆዱ ይጎትተዋል፣ ፍርሃቱ ይይዘዋል። ጉርሻውን በልቶ ሲጨርስ ቀና ሲል ራሱን ከሰው አጠገብ ያገኘዋል፤ ይደነብራል። መራቅ ሲፈቀድለት ግን ራሱ እየተመለሰ ርቀቱን ያሳጥራል።

3. እስከ 2 ሜትር በፈቃዱ ከመጣ የወገቡ ልምምድ ይጀምራል። ከእርስዎ 4 ሜትር ርቆ እያለ ይቁሙ። ጉርሻው ከጎንዎ በተንጠለጠለ እጅ ውስጥ ይሁን። ጭንቅላትዎን ብቻ ዝቅ ያድርጉ፣ ይመለሱ፣ ከዚያ ጉርሻውን ይልቀቁ። ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው፦ መጀመሪያ እንቅስቃሴው፣ አንድ ሰከንድ ቆይቶ ምግቡ። ምግቡ ቀድሞ ከመጣ ውሻው ምግብ ባየ ቁጥር ማጎንበስ ይከተላል ብሎ ይማራል፤ ከጉርሻውም መሸሽ ይጀምራል።

4. 10 ጊዜ ደጋግመው ጭንቅላትዎ ሲወርድ ወደሚያጎርሰው እጅ ማየት ሲጀምር ወደ ትከሻ ይለፉ፤ ከዚያ ግማሽ ወገብ፣ ሙሉ ወገብ፣ ጣት መሬት ማስነካት። በመጨረሻ እውነተኛ ድንጋይ ማንሳት፣ መልሶ ማስቀመጥ፣ ጉርሻ። እያንዳንዱ 2 ወይም 3 ቀን ይወስዳል። በተከታታይ 2 ጊዜ ወደኋላ ከተራመደ ወደ ቀዳሚው ይመለሱ።

5. እጅ ማንሳትም እንዲሁ፦ እስከ ክርን፣ እስከ ትከሻ፣ ከራስ በላይ። መጥረጊያ፣ ጃንጥላና ዱላ ለየብቻ ይለማመዳሉ፤ ለውሻው አንድ አይደሉም። የዘበኛውን ዱላ መሬት ላይ አጋድመው በዙሪያው ማብላት ይጀምሩ።

6. ሁሉንም ሁለተኛ ሰው እንደ አዲስ ይድገመው። ውሻው እርስዎን ለመደ እንጂ ሰውን ገና አልለመደም። ወንድ ከሴት፣ ባርኔጣ ያደረገ ካላደረገ ይለያያል።

መንካት የሚመጣው እሱ እጅዎን ሲያሸት ነው። ከአናቱ በላይ እጅ አይውረድ፤ ከአገጩ ሥር ወይም ከደረቱ ጎን ለ3 ሰከንድ ያኩትና እጅዎን ያንሱ። ከተጠጋ ይቀጥሉ፤ ከቆመ ወይም ካራገፈ ለዚያ ቀን በቃ።

ማሰሪያ

እባብ ያየ በልጥ በረየ። በገመድ ተይዞ የሚያውቅ ውሻ ገመድ መሬት ላይ ሲሳብ እንኳ ይደነብራል። ስለዚህ መጀመሪያ ማሰሪያውን ከምግብ ሳህኑ ጎን ጥለው ለ3 ቀን ይተዉት። ቀጥሎ በደረት የሚታጠቅ መታጠቂያ ይያዙና በቀዳዳው በኩል ያጉርሱት፤ ራሱ አንገቱን እያሾለከ ይብላ። መቆለፊያው «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ብዙዎቹን ያስደነግጣል፤ ሳያስታጥቁት ለብቻው 20 ጊዜ ቀጭ እያደረጉ ያጉርሱት። ከተቆለፈ በኋላ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ይላላ።

የደነገጠ ውሻ ወደኋላ እየተጎተተ ከአንገት ቀበቶ ይወጣል። ከግቢ ሲወጣ አንገቱም ደረቱም ላይ፣ ሁለት ማሰሪያ ይሁን፤ አንዱ ቢወልቅ ሌላው ይይዘዋል። የመጀመሪያው ጉዞ ጠዋት 12 ሰዓት፣ መንገዱ ሳይሞላ፣ ከበሩ 20 ሜትር ሄዶ መመለስ ነው።

ሰንሰለት ግን አይሆንም። የሚፈራ ውሻ ሲታሰር መሸሽ ይዘጋበታል፤ የሚቀረው መንከስ ብቻ ነው። ብዙው «ኃይለኛ» የሚባል የግቢ ውሻ ታስሮ የከረመ ፈሪ ነው።

ነጎድጓድና ርችት

ከእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀድመው፣ ሐምሌ ውስጥ ይጀምሩ። የርችት ድምፅ በስልክ፣ እርስዎ ራስዎ እምብዛም በማይሰሙት ዝቅታ ይክፈቱ፤ ድምፅ፣ ከዚያ ጉርሻ። በየ3 ቀኑ ትንሽ ከፍ ይበል። ነጎድጓድ በቅጂ ሙሉ በሙሉ አይለመድም፤ ከድምፁ ሌላ ብልጭታውና የአየሩ ለውጥ አለበት። በዋዜማው ቀን ሳይመሽ ያብሉት፣ መጋረጃ ባለው ዝግ ክፍል ያስገቡት፣ ሬዲዮ ይክፈቱ፤ መታጠቂያው ከነስልክ ቁጥሩ ላዩ ላይ ይሁን። ሊጠጋዎት ከመጣ ያስጠጉት፤ ማባበል ፍርሃትን አያስተምርም። የሰው ማስታገሻ ክኒን አይስጡት። መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪም ፍርሃቱን የሚቀንስ ይምረጥ እንጂ ገላውን ብቻ የሚያፈዝ አይሁን፤ ፈዞ የሚሰማው ነጎድጓድ ይብስበታል።

ሲበላሽ

ሲያጉረመርም አይቅጡት። ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ካጠፉት ማስጠንቀቂያው ይጠፋል፣ ንክሻው ይቀራል። ይራቁና ምን እንዳስቆጣው ያስቡ።

በ3ኛው ሳምንት ገደማ ብዙው ውሻ ወደኋላ የተመለሰ ይመስላል፦ ይጮሃል፣ ምግቡ አጠገብ ሰው አያስጠጋም። ብዙውን ጊዜ ውሻው ድምፁን ማሰማት ስለቻለ ነው። አንድ ቀን ውስጥ እንግዳ፣ ነጎድጓድና የሐኪም መርፌ ከተደራረቡበት ግን ለ2 ወይም 3 ቀን ልምምድ ያቁሙ። ጭንቀት በአንድ ሌሊት ከሰውነት አይወጣም።

ካመለጠ አይሩጡበት፣ ሰፈርተኛም እንዲጠራው አያድርጉ። በር ላይ የተኛበትን ጆንያ ያኑሩ፣ ማታ በለመደው ሰዓት ምግቡን በለመደው ቃል ያስቀምጡ። ፈሪ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ቀን ይደበቃል፣ ሌሊት መንገዱ ጭር ሲል ይመለሳል። የሰፈሩን ጥበቃዎች ያነጋግሩ፤ ሌሊት የሚያዩት እነሱ ናቸው። በሩ ገርበብ ብሎ፣ አንድ ሰው ውስጥ በጎን ተቀምጦ ይጠብቅ።

ማስረከብ

የሚረከበው ሰው «ጥሩ ጠባቂ ይሆናል?» ብሎ ከጠየቀ ይህ ውሻ ለእሱ አይሆንም፤ ቀን አስሮ ሌሊት የሚለቅ ሰው የ3 ወሩን ሥራ በ3 ቀን ያፈርሰዋል። ቀድሞ ቢያንስ 3 ጊዜ መጥቶ በርጩማው ላይ ይቀመጥ። ከመስጠትዎ በፊት ውሻው የእብድ ውሻና የሌሎቹን ክትባቶች ወስዶ፣ የተኮላሸ ወይም ማህፀኗ የወጣ ይሁን።

አብሮ የሚሄደው፦ ያልታጠበው ጆንያው፣ መታጠቂያው፣ የክትባት ካርዱ፣ እና አንድ ገጽ ወረቀት። ወረቀቱ ላይ የሚበላበት ሰዓት፣ ሲገቡ የሚባለው ቃል፣ የሚያስደነግጡት ነገሮች በቅደም ተከተል ይጻፉ። አዲሱ ግቢ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ይህን ካልነገሩት ተረካቢው በ2ኛው ቀን «ውሻው ተበላሽቷል» ብሎ ይደውላል።

በመጨረሻው ጉብኝት ተረካቢው ከውሻው 3 ሜትር ርቆ ጎንበስ ይበልና የጫማውን ክር ፈትቶ ይሰር። ውሻው ተነስቶ ከሸሸ ማስረከቢያውን በ2 ሳምንት ያራዝሙ። ጆሮውን ብቻ አቅንቶ እጁን ካየ ይውሰደው።